ስንዱ አልሳፈርም አለች

ስሙ እንግዲህ፤ የሰማችሁትንም ሳትቀንሱ ለጎረቤት አካፍሉ።

በኮምቦልቻ ከተማ ይርዳው የሚባል ሰው ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት ከባድ መኪና ነድቶ፣ ከዚያ በራሱ ጉልበት ወፍጮ ቤት አቁሞ፣ ስልሳ ሰባት ዓመት የሞላው ሰው። ይርዳው የማይቆጥረው ነገር አልነበረም። ከቤቱ እስከ ወፍጮው ሦስት መቶ አርባ እርምጃ ነው። ወደ ደሴ ሲወጣ ሐረጎ ዳገት ላይ ስንት ጠመዝማዛ እንዳለ ከእንቅልፉ ብትቀሰቅሱት ይነግራችሁ ነበር።

አንዲት አሮጌ ነጭ መኪናም ነበረችው። እንደ ከባድ መኪና ማርሿ በእጅ የሚቀየር አይደለችም፤ አውቶማቲክ ናት፣ ራሷ ትቀይራለች። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ከሚስቱ እህት ባል ከልሳኑ ገዝቶ ያመጣት ናት። ይርዳው በየማለዳው ሞተሯ ሳይነሳ ኮፈኗን ይከፍታል፤ የካምቢዮውን፣ ማለትም የማርሽ ሳጥኑን፣ ዘይት መለኪያ ዘንግ ይመዛል፣ በጨርቅ ይጠርጋል፣ መልሶ ይነክራል፣ አውጥቶ ያያል። ሙሉ ነው። ጨርቁን ከፊት ወንበሩ ትይዩ ካለው መሳቢያ ውስጥ ይወረውርና ወደ ሥራው ይሄዳል። ዘጠኝ ዓመት እንዲህ አደረገ፤ አንድም ማለዳ አልዘለለም።

ካለፈው ዓመት ወዲህ ግን መኪናዋ ማርሽ ስትቀይር መመንጨቅ ጀመረች። ከአንድ ወደ ሁለት ለማለፍ ትንሽ ትቆማለች፤ የረሳችውን ነገር የምታስታውስ ይመስል ሞተሩ ብቻውን ይጮኻል፤ ከዚያ ከኋላዋ በርግጫ እንደተመታች ትወረወራለች። ይርዳው ቆጠረው። ከቤት እስከ ሐኪም ቤት አሥራ ዘጠኝ ጊዜ።

ሐኪም ቤት የሚያመላልሰው ሚስቱን ስንዱን ነበር። በጥቅምት ወር ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ላይ ወድቃ ዳሌዋ ተሰብሮ፣ በብረት ተይዞላት፣ አሁን በከዘራ ትሄዳለች። ልጃቸው እመቤት ደግሞ ደሴ ላይ ሴት ልጅ ወልዳ ክርስትናው ቀርቧል። ለሴት ልጅ ሰማንያ ቀን ነውና ሰማንያው ሊሞላ አሥራ አንድ ቀን ቀርቶታል።

«አንድ ነገር ብቻ ነው የምፈልገው» አለች ስንዱ። «ልጅቷ ክርስትና ስትነሳ እዚያ ተገኝቼ ልቀፋት። ሳትመነጭቀኝ ውሰደኝ።»

«እኔ መቼ መነጨቅኩሽ? መኪናዋ ናት።»

«አንተም እሷም ያው ናችሁ። በተወረወረች ቁጥር ብረቱ አጥንቴ ውስጥ ሲዞር ይሰማኛል።»

«እንግዲያው ጥሩ መኪና ልከራይልሽ።»

«ለእህቴ ቀብር ብቻዬን በአውቶቡስ ሰደድከኝ፤ አንተ ወፍጮህ ጋ ቀረህ። ያኔ ዳሌዬ ደህና ነበር፣ ሄድኩልህ። ለደስታ ግን በሰው መኪና አልሄድም። አንተ ትነዳለህ፣ እሷ ትታረማለች። አለዚያ አልሳፈርም።»

መኪናዋ መመንጨቅ አልተውም አለች፤ ስንዱ አልሳፈርም አለች፤ ሰማንያው ቀን ግን መምጣቱን አልተወም።

ይርዳው ወደ ይመር ጋራዥ ነዳ። ይመር አርባ ዓመት ያልሞላው፣ እጁ የተመሰገነ መካኒክ ነው። መኪናዋን አንድ ዙር ነዳት፤ ሁለት ጊዜ ተወረወረችበት። ወርዶ ኮፈኑን ከፈተ።

«ይመር፣ ካምቢዮዋን ክፈትልኝ፤ መኪናዋ መመንጨቅ ትተው፤ ስንዱ ትሳፈር።»

«ዘይቱስ፣ ጋሼ?» አለ ይመር፤ እጁ ወደ መለኪያው ዘንግ እየሄደ።

«ሙሉ ነው። ዛሬ ማለዳ በእጄ ለክቼዋለሁ።»

የይመር እጅ መንገድ ላይ ቆመ።

«ሃያ ሁለት ዓመት ነድቻለሁ» አለ ይርዳው። «አንተ ስትወለድ እኔ አሰብ ደርሼ እመለስ ነበር። እኔን ነው የምትፈትነው?»

«ኧረ ምን በወጣኝ፣ ጋሼ» አለና ይመር እጁን በጨርቅ ጠረገ፤ የሚጠረግ ነገር ባይኖርበትም። «ዘይቱ ሙሉ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። አውቶማቲክ ካምቢዮ አንዴ ከተከፈተ እንደ ድሮው አይገጥምም። ማርሹን የሚያዘው ኤሌክትሪኩ ነው። ኑሩ ሽቦዋን በመሣሪያው ያንብብና ይምጣ። እሱ ሳያነብ አልከፍትም።»

ይመር ካምቢዮውን አልከፍትም አለ፤ መኪናዋ መመንጨቅ አልተውም አለች፤ ስንዱ አልሳፈርም አለች፤ ሰማንያው ቀን ግን መምጣቱን አልተወም። አሥር ቀን ቀረ።

ኑሩ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። ሱቁ ፊት ስድስት መኪና ተሰልፎ ስለነበር ይርዳው ሁለት ቀን ተራ ጠበቀ፤ በሦስተኛውም መኪናዎቹ አሁንም ስድስት እንደሆኑ ቆጠረና መጠበቁን ትቶ ገባ።

«ኑሩ፣ ሽቦዋን አንብብልኝ፤ ይመር ካምቢዮውን ይክፈት፤ መኪናዋ መመንጨቅ ትተው፤ ስንዱ ትሳፈር።»

«ዘይቱን አይታችሁታል?» አለ ኑሩ ከመኪና ሥር ሆኖ።

«ሙሉ ነው። ዛሬ ማለዳ በእጄ ለክቼዋለሁ።»

«እርስዎ ካሉ አለቀ» አለ ኑሩ ብቅ ብሎ። ሞተሩን አስነሳው፤ እጁን ላዩ ላይ አሳርፎ አዳመጠ። «ይሄውልዎት፣ ሞተሩ መቀመጫው ላይ ይደንሳል። የሚቀመጥበት ጎማ አልቋል። ማርሽ ሲገባ ሞተሩ ይዘላል፣ ሽቦውንም ይጎትተዋል። እየዘለለ ባነበው የሚነግረኝ ውሸት ነው። እንድሪስ ጎማውን ይቀይር፤ ያኔ አነባለሁ።»

ኑሩ ሽቦውን አላነብም አለ፤ ይመር ካምቢዮውን አልከፍትም አለ፤ መኪናዋ መመንጨቅ አልተውም አለች፤ ስንዱ አልሳፈርም አለች፤ ሰማንያው ቀን ግን መምጣቱን አልተወም። ስምንት ቀን ቀረ።

እንድሪስ ብረት ይበይዳል፣ ጎማ ያስገባል፤ ከሰው ጋር ብዙ አይነጋገርም።

«እንድሪስ፣ ጎማውን ቀይርልኝ፤ ኑሩ ሽቦውን ያንብብ፤ ይመር ካምቢዮውን ይክፈት፤ መኪናዋ መመንጨቅ ትተው፤ ስንዱ ትሳፈር።»

«ዘይት?»

«ሙሉ ነው። ዛሬ ማለዳ በእጄ ለክቼዋለሁ።»

«ጎማውን አምጣ።»

«አንተ ጋ የለም?»

«ፋጡማ ጋ ነው። እሷ ሳትሰጥ በምን ልቀይር? በጫማዬ?»

እንድሪስ ጎማውን አልቀይርም አለ፤ ኑሩ ሽቦውን አላነብም አለ፤ ይመር ካምቢዮውን አልከፍትም አለ፤ መኪናዋ መመንጨቅ አልተውም አለች፤ ስንዱ አልሳፈርም አለች፤ ሰማንያው ቀን ግን መምጣቱን አልተወም። ሰባት ቀን ቀረ።

ፋጡማ የመለዋወጫ ሱቅ አላት። ባሏ ከሞተ ወዲህ ብቻዋን ይዛዋለች፤ የትኛው ቡሎን የየትኛው መኪና እንደሆነ ጀርባዋን ሰጥታ ትናገራለች።

«እትዬ ፋጡማ፣ ጎማውን ስጪኝ፤ እንድሪስ ይቀይረው፤ ኑሩ ሽቦውን ያንብብ፤ ይመር ካምቢዮውን ይክፈት፤ መኪናዋ መመንጨቅ ትተው፤ ስንዱ ትሳፈር።»

«ይሄ ሁሉ ሰው አንዲት መኪና ላይ?» አለች ፋጡማ። «ዘይቱ መቼም—»

«ሙሉ ነው። ዛሬ ማለዳ በእጄ ለክቼዋለሁ።»

«እሺ፣ አትቆጣ። ግን የመኪናህ ዓይነት ሁለት ነው፤ መልካቸው አንድ፣ ጎማቸው ለየቅል። የተሳሳተውን ሰጥቼህ በነጋታው ስታመጣው ደስ አይለኝም። ከመኪናዋ ጋር የመጣ መጽሐፍ አለ፤ እሱን አሳየኝ።»

«መጽሐፍ አልተረከብኩም። የተረከብኩትን አውቃለሁ። ሁለት ቁልፍ፣ አንድ ትርፍ ጎማ፣ አንድ ክሪክ፣ አንድ ሊብሬ። አምስት ዕቃ።»

«እንግዲያው የሸጠልህ ሰው ጋ ቀርቷል። ሳላይ አልሰጥም።»

ፋጡማ ጎማውን አልሰጥም አለች፤ እንድሪስ አልቀይርም አለ፤ ኑሩ ሽቦውን አላነብም አለ፤ ይመር ካምቢዮውን አልከፍትም አለ፤ መኪናዋ መመንጨቅ አልተውም አለች፤ ስንዱ አልሳፈርም አለች፤ ሰማንያው ቀን ግን መምጣቱን አልተወም። ስድስት ቀን ቀረ።

ይርዳው ያን ቀን ሙሉ ስልኩን አንስቶ አስቀመጠ። አምስት ጊዜ። በማግስቱ በስድስተኛው ደወለ።

«ልሳኑ፣ ይርዳው ነኝ።»

ከወዲያ በኩል ወንበር ሲጎተት ተሰማ።

«የመኪናዋን መጽሐፍ ፈልጌ ነበር። መጽሐፉን ስጠኝ፤ ፋጡማ ጎማውን ትስጥ፤ እንድሪስ ይቀይረው፤ ኑሩ ሽቦውን ያንብብ፤ ይመር ካምቢዮውን ይክፈት፤ መኪናዋ መመንጨቅ ትተው፤ ስንዱ ትሳፈር።»

«ይርዳው» አለ ልሳኑ። ጡረታ የወጣ መምህር ነው፤ ድምፁን ከፍ አያደርግም። «ሚስቴን ጥሩወርቅን ከቀበርኳት ስድስት ዓመት ሆነ። ያስተማረቻቸው ሁሉ መጡ። ስማቸውን የማላውቃቸው ሰዎች መጡ። ከኮምቦልቻ ደሴ ስንት ሰዓት ነው?»

«አንድ ሰዓት አይሞላም። ሚስቴን ልኬ ነበር እኮ።»

«ሚስትህማ እህቷ ናት፤ ትላካለች እንዴ? መጥተህ ለቅሶዬን ተቀመጥ። ከዚያ ስለ መጽሐፍ እነግርሃለሁ።» ስልኩ ተዘጋ።

ልሳኑ አልናገርም አለ፤ ፋጡማ አልሰጥም አለች፤ እንድሪስ አልቀይርም አለ፤ ኑሩ አላነብም አለ፤ ይመር አልከፍትም አለ፤ መኪናዋ መመንጨቅ አልተውም አለች፤ ስንዱ አልሳፈርም አለች፤ ሰማንያው ቀን ግን መምጣቱን አልተወም። አምስት ቀን ቀረ።

እስካሁን አልሠራም ያለው ሁሉ ሌላ ሰው ነበር። አሁን ተራው የይርዳው ሆነ፤ ይርዳውም አልቀመጥም አለ። ከስድስት ዓመት በኋላ ለቅሶ የት አገር ነው ያለው? ሰው ምን ይለኛል? የቀብሩ ዕለት የገበያ ቀን ነበር፤ አርባ አንድ ኩንታል እህል ተራ ይጠብቅ ነበር፤ ማን ይፈጭልኝ ነበር? ይህን ሁሉ ለራሱ ሲናገር ዋለ። በማግስቱም እንዲሁ።

ስንዱ ግን ጠዋት ጠዋት ለክርስትናው ያዘጋጀችውን ነጠላ ከሳጥኑ ታወጣለች፤ አልጋው ላይ ዘርግታ በመዳፏ ታስተካክላለች፤ አጥፋ ትመልሳለች። ይርዳው ከበሩ ሆኖ አንድ ብሎ ቆጠረ። በማግስቱ ሁለት አለ። በሦስተኛው ቀን ቆሞ ጠበቀ፤ ስንዱ ሳጥኑን አልከፈተችም።

ሁለት ቀን ቀረ።

ይርዳው ጋቢውን ለብሶ፣ መኪናዋን ደጅ ትቶ፣ በአውቶቡስ ደሴ ወጣ። ሐረጎን ሲወጣ ጠመዝማዛዎቹን ቆጠረ፤ በሌላ ሰው መሪ ሲሆን የበዙ መሰለው።

ልሳኑ ደጁ ላይ አገኘው። ገብቶ አግዳሚ ወንበር አወጣና በረንዳው ላይ አኖረው።

«እግዜር ያጽናህ» አለ ይርዳው።

«ቁጭ በል።»

ተቀመጡ። ፀሐይ ከበረንዳው ጫፍ ተነስታ እግራቸው ድረስ መጣች። አንዲት ጎረቤት በአጥሩ በኩል ስታልፍ ጋቢውን አየችና ደነገጠች።

«መምህር፣ ምነው? ማን አረፈ?»

«ጥሩወርቅ።»

«ጥሩወርቅ? እሷማ ስድስት ዓመቷ አይደለም እንዴ?»

«እሱ ገና ዛሬ ተረድቶ ነው» አለ ልሳኑ።

ሴትዮዋ ይርዳውን ከላይ እስከ ታች አየችው። «ነፍስ ይማር» ብላ አለፈች። እንደሷ ያሉ ሰባት ሰዎች አለፉ፤ ሰባቱም ጠየቁ፤ ሰባቱም ያንኑ መልስ ሰሙ። ይርዳው መሬት መሬት ያያል።

«ያን ቀን አርባ አንድ ኩንታል ተራ ይጠብቅ ነበር» አለ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ካለፈ በኋላ።

«አርባ አንድ» አለ ልሳኑ። «የኔ አንዲት ነበረች።»

ቀኑ ሊመሽ ሲል ልሳኑ ተነሳ።

«ዛሬም የመጣኸው ለመጽሐፉ ነው። ለሷ አይደለም።»

«ለመጽሐፉ ነው» አለ ይርዳው። ሽማግሌ ሆኖ መዋሸት አቃተው።

«ቢያንስ አልዋሸኸኝም። መጽሐፉ እኔ ጋ የለም፤ መኪናዋ ውስጥ ነው። ከፊት ወንበሩ ትይዩ ያለው መሳቢያ ውስጥ ራሷ ጥሩወርቅ ናት ያስቀመጠችው። ቁልፉን ስሰጥህ ‹እሱን ሳታነብ አትንዳት› ብዬህ ነበር። ‹ሃያ ሁለት ዓመት ነድቻለሁ› አልከኝ።»

በማግስቱ ማለዳ ይርዳው መሳቢያውን ከፈተ። ጨርቁ አለ። ጨርቁን አነሳ፤ ከሥሩ ሌላ ጨርቅ፣ ከሱም ሥር ሌላ። ዘጠኝ ዓመት የወረወራቸውን አሥራ አራት ጨርቅ አወጣ። ከታች መጽሐፉ ነበር፤ በባዕድ ቋንቋ የታተመ፣ ሽፋኑ ዘይት የጠጣ። ገጾቹ መሃል አንድ የደብተር ወረቀት ታጥፏል፤ ጽሑፉ የአስተማሪ እጅ ጽሑፍ ነው፣ ጥርት ያለ።

«ይርዳው፣ ይህች መኪና እንደ ከባድ መኪናህ አይደለችም። የካምቢዮው ዘይት የሚለካው ሞተሩ ተነስቶ፣ ሞቆ፣ መኪናዋ ሜዳ ላይ ቆማ ነው። ሞተሩ ጠፍቶ ከለካኸው ዘይቱ ወደ ታች ይሰበሰብና ሙሉ ይመስልሃል። አትመነው። ጥሩወርቅ።»

ሁለት ጊዜ አነበበው። ሞተሩን አስነስቶ እስኪሞቅ ጠበቀ፤ ዘንጉን መዘዘ፣ ጠረገ፣ ነከረ፣ አወጣ። ጫፉ ላይ ጥፍር የምታህል ጥቁር ዘይት ብቻ ነበረች። ከሦስት ሺህ በሚበልጡ ማለዳዎች ሙሉ ያለው ዘይት ያቺው ነበረች።

ይርዳው ወረቀቱንና መጽሐፉን ወስዶ ለፋጡማ ሰጣት። ፋጡማ አነበበች፤ ስለ ጎማው አንድ ቃል ሳትናገር መጽሐፉ ያዘዘውን ቀይ ዘይት ከመደርደሪያው አወረደች። ፋጡማ ጎማውን ተወችው፤ እንድሪስም አልቀየረም፤ ኑሩም አላነበበም፤ ይመርም አልከፈተም። ይርዳው ዘይቱን ለይመር አደረሰ፤ ይመር ሁለት ሊትር ከግማሽ ጨመረባት፤ ካምቢዮው ዋጠው፤ ከአንድ ወደ ሁለት አለፈች፣ ከሁለት ወደ ሦስት አለፈች፤ መኪናዋ መመንጨቅ ተወች።

ይመር ግን ፊቱ አልተፈታም። «ጋሼ፣ ያን ቀን መለኪያውን ብመዘው ኖሮ እዚያው ያልቅ ነበር።»

«ለምን አልመዘዝከውም?»

«ለክቼዋለሁ አሉኝ እኮ። እርስዎን አላምንም ልበል? ኑሩም ይሄንኑ ነው የሚልዎት።»

ይርዳው ባዶውን የዘይት ዕቃ አንስቶ ክዳኑን ገጠመ።

«ደግሞ ልንገርዎት» አለ ይመር። «ዘይት ጠምቷት ብዙ ሠርታለች፤ ውስጧ ተበልቷል። ነገ ደሴ አድርሳ ትመልስዎታለች። ከዚያ ወዲያ ያለውን አላውቅም። ጎማውም ያለቀ ነው፤ እሱን ኑሩ አልዋሸም።»

ሰማንያው ቀን መጣ።

ስንዱ ነጠላዋን ለብሳ፣ ከዘራዋን ይዛ ወጣች። እግሯን በእጇ አንስታ አስገባችና በሩን ዘጋች። ስንዱ ተሳፈረች። ሐረጎን ጀመሩት። ይርዳው መጀመሪያው ጠመዝማዛ ላይ ትንፋሹን ያዘ፤ መኪናዋ ማርሽ ቀየረች፤ መቀየሯ በድምጿ እንጂ በወንበሩ አልታወቀም። በሁለተኛውም፣ በሦስተኛውም።

«አልመነጨቀችሽም» አለ።

«አልመነጨቀችኝም።»

ብዙ መንገድ ሄዱ። ስንዱ ወረቀቱን ከመሳቢያው አውጥታ ጭኗ ላይ ዘርግታለች፤ ነጠላውን ታስተካክል እንደነበረው በመዳፏ ታስተካክለዋለች።

«የእህቴ ጽሑፍ ናት» አለች። «ዘጠኝ ዓመት በተሳፈርኩ ቁጥር ጉልበቴ ፊት ነበረች።»

ይርዳው ጠመዝማዛዎቹን መቁጠር ጀምሮ ነበር፤ ስንት ላይ እንደደረሰ ጠፋው።

ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ እመቤት ሕፃኗን እናቷ ክንድ ላይ አስቀመጠች። ስንዱ አቀፈቻት፤ የፈለገችው ይኸው ነበርና አገኘች። ልሳኑ ከወዲያ በኩል መጥቶ ለስንዱ ወንበር አቀረበላት፣ ጉንጯን ሳማት። ከዚያ ወደ ይርዳው ዞረ።

«ለቅሶ ሦስት ቀን ነው።»

«አንድ ተቀምጫለሁ። ሁለት ይቀረኛል» አለ ይርዳው።

«በምን ትመጣለህ?»

«በአውቶቡስ» አለ ይርዳው። «ብቻዬን።»

ነገሩ እዚህ ቆመ። ለሰሚው ጤና፣ ለነጋሪው አንድ ጣሳ ውኃ።